አሸዋው ወዴት ሄደ? የሰባት ቀን የሲሼልስ ጉዞ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ማሄ

የቃና ዘገሊላ በዓል ባለፈ ማግስት ከቦሌ ተነሥቼ፣ አራት ሰዓት በማይሞላ በረራ ከደጋው ብርድ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ወበቅ ገባሁ። አውሮፕላኑ ለማረፍ ዝቅ ሲል በአንደኛው መስኮት በደን የተሸፈነ ገደላማ ተራራ፣ በሌላው ደግሞ ባሕር ብቻ ይታያል። ማኮብኮቢያው በሁለቱ መካከል፣ ባሕሩ ተደልድሎ በተገኘ ቀጭን መሬት ላይ የተዘረጋ ነው። ይህ ማረፊያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ወደ ሲሼልስ የሚደረሰው በመርከብ ነበር (በዚህ ማስታወሻ የማነሣቸው የታሪክ ቀናትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የአገሪቱ ቱሪዝም የተወለደው ከዚህ ማኮብኮቢያ ነው፤ ማኮብኮቢያው ራሱ ግን ከባሕሩ በጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ያለ ነው።

የመጣሁበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። ለብዙ ዓመታት በጣና ሐይቅ ላይ እንግዶችን በጀልባ ወደ ደሴት ገዳማት ሳደርስ ኖሬአለሁ። የውሃው ከፍታ ሲለዋወጥና እንቦጭ ዳርቻውን ሲያለብስ፣ የደሴት ጉብኝት ሥራ ሙሉ በሙሉ በውሃው ፈቃድ ላይ የቆመ መሆኑን በእጄ ዳስሼ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ኑሮዋ በሙሉ ከውሃ ጋር የተሳሰረ አገር ይህን እንዴት እንደምትይዘው በዐይኔ ለማየት ፈለግሁ።

ሲሼልስ 115 ደሴቶች አሏት፤ ሕዝቧ 100,000 ያህል ሲሆን በ2019 ብቻ ከ384,000 በላይ ጎብኚዎችን ተቀብላለች። ትልቁ ደሴት ማሄ 905 ሜትር የሚደርስ ተራራ አለው። ይሁን እንጂ መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ገበያውም፣ ሆቴሉም የተሰለፈው በተራራው ግርጌና በባሕሩ መካከል ባለው ጠባብ ሜዳ ላይ ነው። ማታ ከማረፊያዬ በረንዳ ላይ ሆኜ የማዕበሉን ድምፅ ስሰማ፣ በእኔና በውሃው መካከል ያለው ርቀት አንድ መንገድና አንድ ረድፍ ዛፍ ብቻ መሆኑን አስተዋልሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 14፤ ቦ ቫሎን

ቦ ቫሎን በማሄ ሰሜን ምዕራብ የሚገኝ ሰፊ የባሕር ዳርቻ ነው። አሁን ወቅቱ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ስለሆነ ማዕበሉ በቀጥታ ይመታዋል፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ደግሞ ነፋሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞርና ይህ ዳርቻ ጸጥ ሲል የተቃራኒው ጎን ይናወጣል። አሸዋው በእነዚህ ሁለት ነፋሶች መካከል ሲመላለስ ኖሯል፤ በአንዱ ወቅት ከዚህ ተወስዶ በሌላው ወቅት ይመለሳል። የአገሩ ሰው ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። የአሁኑ ችግር የተወሰደው ሁሉ አለመመለሱ ነው።

በዓለም ደረጃ የባሕር ወለል ከ1900 ወዲህ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ፍጥነቱም ጨምሮ ባለፉት ዓመታት በዓመት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ደርሷል። ለደጋ ሰው ይህ ኢምንት ይመስላል፤ ቀስ ብሎ በሚያዘቀዝቅ አሸዋ ላይ ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ማለት ማዕበሉ ብዙ ሜትር ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል ማለት ነው። በዳርቻው ላይ የተሰለፉት ትላልቅ የታካማካ ዛፎች ማስረጃ ናቸው። ከአንዱ ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ፦ ሥሮቹ እስከ ደረቴ ከፍታ ራቁታቸውን ወጥተዋል፣ በመካከላቸው ሰው ተጎንብሶ ሊያልፍ ይችላል፣ ዛፉ ግን አሁንም አረንጓዴ ነው። ከበስተኋላው ያለው አፈር ቆሞ የሚታየው በእነዚያ ሥሮች ምክንያት ብቻ ነው። አባቶቻችን እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ ያሉት ትዝ አለኝ።

የምንሰጋው ግን ከባሕር በኩል ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 7 ቀን 2023 በማሄ ሰሜናዊ ክፍል የጣለው ኃይለኛ ዝናብ መሬት አንሸራትቶ ቤቶችን አፍርሷል፣ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። በዚያው ዕለት በፕሮቪደንስ የኢንዱስትሪ ቀጠና ፈንጂ ማከማቻ ፈንድቶ ስለነበር መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጆ ነበር። በተራራና በባሕር መካከል ባለች ቀጭን ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው ከፊትም ከኋላም ውሃ ይመጣበታል፤ ስለዚህ «ወደ ተራራው ይውጡ» የሚለው ቀላል ምክር እዚህ ብዙም አይረዳም።

ሐሙስ፣ ጥር 15፤ ፕራላን

ከማሄ ወደ ፕራላን በፈጣኑ ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ባሕሩ ስለተናወጠ ግማሹ መንገደኛ ራሱን ይዞ ነበር። ያረፍሁት በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ፣ አንስ ኬርላን በሚባለው ዳርቻ፣ አንዲት አዛውንት በሚያስተዳድሯቸው አነስተኛ የእንግዳ ክፍሎች ነው። ስማቸውን መጥራት ለልማዴ ስለከበደኝ እማማ ብያቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው።

አንስ ኬርላን በሲሼልስ በመሸርሸር ከታወቁት ቦታዎች አንዱ ነው። በግቢያቸው ፊት ለፊት ወደ ባሕሩ የሚያወርዱ አራት የሲሚንቶ ደረጃዎች አሉ። የመጨረሻው ደረጃ ከአሸዋው በላይ እስከ ጉልበቴ ድረስ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ከሥሩ ባዶ ነው፣ ሽቦውም ዝጎ ወጥቷል።

«እማማ፣ ደረጃው ለምን ተንጠለጠለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ደረጃውማ ከቦታው አልተነቃነቀም። አሸዋው ነው ከሥሩ የሄደው» አሉኝ።

ከጎኑ ባለው የታካማካ ግንድ ላይ የተመቱ ሚስማሮችን አሳዩኝ። በየዓመቱ በዚህ ወር አሸዋው ግንዱን በሚነካበት ልክ አንድ ሚስማር ይመታሉ፤ የላይኛዎቹ ዝገው ከቅርፊቱ ጋር ተዋህደዋል፣ የታችኛው ገና ያብረቀርቃል። በእጄ ስንዝር ከላይ እስከ ታች ለካሁ፤ አምስት ስንዝር ሆነ። ሌላ መሣሪያ ሳይኖራቸው የዳርቻቸውን ታሪክ በአንድ ዛፍ ላይ ጽፈው አስቀምጠዋል።

ከእሳቸው ግቢ በስተግራ፣ መንገዱንና ቤቶችን ለማዳን ከባድ የግራናይት ድንጋይ ተደርድሯል። ድንጋዩ ከኋላው ያለውን አድኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ባሕሩ ሞልቶ ሲመጣ ከድንጋዩ ፊት የሚረገጥ አሸዋ የለም፤ ማዕበሉ ጠንካራ ነገር ሲመታ ኃይሉን ይዞ ይመለስና ከሥሩ ያለውን አሸዋ ጠርጎ ይወስዳል፣ ድንጋዩ ባለቀበት ጫፍ ላይ ደግሞ ዞሮ የጎረቤቱን መሬት ይበላል። የእርሻውን ቦረቦር በግንብ ብቻ የዘጋ ገበሬ፣ ውሃው በግንቡ ጫፍ ዞሮ ሌላ ቦረቦር ሲከፍትበት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቤቱ አስቀድሞ በአፋፉ ላይ ከቆመ ድንጋይ ከመደርደር ሌላ አማራጭ ላይኖር ይችላል። እንግዳው የሚመጣው ግን አሸዋውን ብሎ ነው፤ ድንጋዩን ለማየት ማንም ከሩቅ አገር አይመጣም፣ ስለዚህ ዳርቻውን ሁሉ ድንጋይ አልብሶ ቱሪዝምን ማዳን አይቻልም።

እማማ ሌላ መንገድ መርጠዋል። ቀድሞ ከሁሉ የሚወደደው ክፍላቸው የነበረውን፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት የተሠራውን አንዱን ቤት ራሳቸው አስፈርሰው፣ አዲሶቹን ክፍሎች ከታካማካው መስመር ኋላ፣ ከፍ ባሉ ምሰሶዎች ላይ ሠሩ። ባዶ በቀረው ቦታ ላይ ደግሞ የታካማካ ችግኝና የአሸዋ ቁጥቋጦ ተከሉ፣ ዙሪያውንም በገመድ አጥረው የእንግዳ እግር እንዳይረግጠው ከለከሉ። እኛ አገር የተራቆተ ተራራን ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ አድርገን እንዲያገግም እንደምንተወው ማለት ነው። ለሚጽፉላቸው እንግዶችም በየትኛው ወር እፊታቸው አሸዋ እንደሚኖር፣ በየትኛው ወር እንደማይኖርና ያን ጊዜ ነፋሱ ወደማያገኘው የደሴቲቱ ጎን በአውቶቡስ መሄድ እንደሚቻል በግልጽ ይነግራሉ። በዚህ ምክንያት የቀሩባቸው እንግዶች እንዳሉ አልሸሸጉኝም። እኔ ግን በዚህ ጉዞ ካየሁት ሁሉ የሚበልጠውን ሥራ ያየሁት በዚህ ግቢ ነው እላለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 16፤ ኩዛን

ከፕራላን ትንሽ ራቅ ብላ የምትገኘው ኩዛን ከጠባቂዎቿ በቀር ማንም የማይኖርባት፣ ሆቴል የሌላት ደሴት ናት። ወደ እርሷ የሚወስደን ጀልባ ከዳርቻው ርቆ ቆመ፤ የደሴቲቱ ጠባቂዎች በራሳቸው ጀልባ መጥተው ወሰዱን፣ ምክንያቱም አይጥ ወይም ሌላ ወራሪ ፍጥረት ተሳፍሮ እንዳይገባ የውጭ ጀልባ አሸዋውን አይነካም። በ1968 የወፎች ጥበቃ ዓለም አቀፍ ምክር ቤት የኮኮናት እርሻ የነበረችውን ይህችን ደሴት የገዛው ከ30 ያነሱ ብቻ ቀርተው የነበሩትን አንድ ዓይነት ትንንሽ ወፎች ለማዳን ነበር። ኮኮናቱ ተቀንሶ የአገሩ ደን እንዲመለስ ሲደረግ ወፎቹ በዙ፣ ወደ ሌሎች ደሴቶችም ተወስደው ዛሬ በሺህ ይቆጠራሉ።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ አስጎብኚያችን በእጁ ምልክት አቆመን። አንዲት የባሕር ኤሊ ከውሃው ወጥታ ከቁጥቋጦው ሥር እየቆፈረች ነበር። ይህ ዝርያ በሌላው ዓለም በአብዛኛው በሌሊት እንቁላሉን ሲጥል በሲሼልስ ግን በቀን ይወጣል። ከኋላዋ ተንበርክከን በዝምታ ተመለከትናት፤ የኋላ እግሮቿ እንደ መጭለፊያ ታጥፈው በየተራ አሸዋውን ያወጣሉ፣ ሲጨርሱ ጉድጓዱ የክንድ ያህል ጠልቋል። ከዚያ ነጫጭ እንቁላሎች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ መውረድ ጀመሩ፤ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ ትጥላለች። ጠባቂው የጀርባ ቅርፊቷን ለካ፣ ቁጥሯን መዘገበ። ማዕበል ሊደርስበት በሚችል ቦታ የተጣለ እንቁላል ሲያገኙ ወደ ከፍታ ያዛውሩታል።

የኤሊ ጫጩት ፆታ የሚወሰነው በአሸዋው ሙቀት ነው፤ አሸዋው በሞቀ መጠን ሴቶች ይበዛሉ። ስለዚህ በዳርቻው ላይ ያለው የዛፍ ጥላ ለኤሊዎቹ የመራባት ጉዳይ ነው። ዛፍ ተቆርጦ ለእንግዳ ማረፊያ ወንበር የተደረደረበት ባዶ ዳርቻ ለእነርሱ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ይሞቃልም፣ ይሸረሸራልም። በኩዛን ጥበቃው ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ እንቁላል የሚጥሉትን ኤሊዎች ቁጥር ስምንት እጥፍ ያህል አሳድጓል።

በደሴቲቱ ዙሪያ ያለው ኮራል ታሪኩ ከባድ ነው። ኮራልን የሚሠሩት ጥቃቅን እንስሳት ናቸው፤ ምግባቸውንም ቀለማቸውንም የሚያገኙት በሰውነታቸው ውስጥ ከሚኖር፣ አልጌ ከሚባል ደቃቅ ተክል መሰል ፍጥረት ነው። ውሃው ከለመዱት የበጋ ሙቀት በላይ አንድ ዲግሪ ያህል ሞቆ ለሳምንታት ከቆየ አልጌውን ይተፉታል፣ ነጭ ይሆናሉ፣ ሙቀቱ ካልበረደም ይሞታሉ። በ1998 በሲሼልስ የውስጥ ደሴቶች ዙሪያ ከነበረው ሕያው ኮራል እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው በዚህ መንገድ አለቀ። በ2016 እንደገና መጣ፤ በሚያዝያ 2024 ደግሞ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ታወጀ። በዳርቻው ላይ እንደ ጣት የተሰባበሩ ነጫጭ የኮራል ቁርጥራጮች ተከምረው አነሣሁ፤ ሲጋጩ እንደ ሸክላ ይጮኻሉ።

አሸዋው ወዴት እንደሄደ የገባኝ እዚህ ነው። ኮራሉ የማዕበሉን ጉልበት ከዳርቻው ርቆ ይሰብራል፤ ከዚህም ሌላ ነጩ አሸዋ በብዛት የሚገኘው ከኮራሉ ነው፣ አፉ የበቀቀን መንቁር የሚመስል ዓሣ ኮራሉን እየፋቀ አድቅቆ ያወጣዋል። ኮራሉ ሲሞትና ሲፈራርስ ውሃው በላዩ ይጠልቃል፣ ማዕበሉ ሳይሰበር ይደርሳል። በሲሼልስ 14 የኮራል ቦታዎች ላይ ተደርጎ በ2005 የታተመ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው። እንግዲህ የእማማ ደረጃ የተንጠለጠለው ባሕሩ ከፍ ስላለ ብቻ ሳይሆን፣ ከፊት ለፊቱ የነበረው ግንብ ከውሃ በታች ስለፈረሰም ነው።

ኩዛንን የሚያስተዳድረው ኔቸር ሲሼልስ የተባለው ድርጅት ከ2010 ጀምሮ የ1998ቱን ሙቀት ተቋቁመው ከተረፉት ኮራሎች ቁራጭ እየወሰደ፣ በባሕር ውስጥ በተዘረጋ ገመድ ላይ ያፈላል። ከ40,000 በላይ ቁራጮች አድገው፣ ከ24,000 በላይ የሚሆኑት በግማሽ ሄክታር ያህል ቦታ ላይ ተተክለዋል። ጠላቂዎች አንድ በአንድ በሲሚንቶ ያጣበቋቸው ናቸው። ሥራው ልብ ይነካል፤ ቢሆንም ግማሽ ሄክታር ነው፣ የባሕሩ ሙቀት ደግሞ የአገር ድንበር አያውቅም። የዓለም ጭስ ካልቀነሰ ይህ ችግኝ ጣቢያ ብቻውን አይችልም ብዬ ጻፍሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17፤ ኩሪዩዝ

ጠዋት በጀልባ ወደ ኩሪዩዝ ደሴት ሄድሁ። ግዙፎቹ የየብስ ኤሊዎች አንገታቸውን ዘርግተው ሲቀበሉን ሁሉም ስልኩን አወጣ፤ እኔን ያቆመኝ ግን ማንግሮቭ የሚባለው፣ በጨዋማ ውሃ ጭቃ ላይ የሚበቅል የዛፍ ደን ነው። በባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ ከ100 ዓመት በፊት ኤሊ ለማርባት የተሠራ ረጅም የድንጋይ ግንብ ነበር፤ በ2004 የደረሰው ሱናሚ ሰባብሮታል። በግንቡ ተከልሎ ያደገው ደን ዛሬ ማዕበሉን ፊት ለፊት ይቀበላል፤ በውጭኛው ጫፍ የወደቁ ዛፎች ሲታዩ፣ ከውስጥ ግን ጭቃው ላይ እንደ እርሳስ ቀጥ ያሉ ችግኞች በብዛት ቆመዋል። የማንግሮቭ ሥር ጭቃውን እየያዘ መሬቱን ቀስ በቀስ ከፍ ያደርጋል፤ ከባሕሩ ጋር አብሮ ከፍ ማለት የሚችል ሕያው ግንብ ነው፣ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ቦታ ከተተወለት።

ከሰዓት በኋላ በፕራላን በሚገኘው በቫሌ ደ ሜ የኮኮ ደ ሜር ዘንባባ ጫካ ውስጥ አለፍሁ፤ ከ1983 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ጥላውና ጸጥታው እንደ ቤተ መቅደስ ነው፣ ሌላ ጊዜ እጽፍበታለሁ።

እሑድ፣ ጥር 18፤ ላ ዲግ

ላ ዲግ ሰው በብስክሌት የሚንቀሳቀስባት ትንሽ ደሴት ናት። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መንገዱን እስከ ቁርጭምጭሚት አጥለቅልቆት ስለነበር ብስክሌቱን እየገፋሁ ሄድሁ። ባሕሩ በሞላበት ሰዓት ዝናብ ሲጥል ውሃው የሚፈስበት አያገኝም፤ የሚቀበለው በሜዳው መካከል ያለው ማር ሱፓፕ የተባለው ረግረግ ነው። ረግረግ ለግንባታ በተደለደለ ቁጥር ውሃው ወደ ሰው ክፍል ይገባል። ይህን የነገረኝ ብስክሌት አከራዩ ነው፤ በሱቁ ግድግዳ ላይ የውሃውን ልክ የሚያሳይ የጭቃ መስመር አለ።

የታወቀው አንስ ሱርስ ዳርዣን ስደርስ ባሕሩ ሞልቶ በግዙፎቹ የግራናይት ድንጋዮች መካከል አሸዋው ወደ ቀጭን ጥብጣብ ተለውጧል። በመቶ የሚቆጠር ሰው በዚያች ጥብጣብ ላይ ተጠጋግቶ ፎቶ ይነሣል። ከኋላ ያለውን ቁጥቋጦ እየረገጡ የሚያልፉም ነበሩ። ማንም ያልከለከላቸው መሆኑ አሳዘነኝ፤ እንግዳ ያልተነገረውን አያውቅም፣ አንድ ገመድና አንድ የሚያስረዳ ሰው ይበቃ ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 19፤ ወደ ማሄ

በላ ዲግ ማረፊያዬ ሒሳብ ስዘጋ ከነሐሴ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ጎብኚ ለአካባቢ ጥበቃ የሚከፍለው ክፍያ በደረሰኙ ላይ ለብቻው ተጽፏል። በትንንሽ ማረፊያዎች በአንድ ሌሊት በሰው 25 ሩፒ፣ በመካከለኞቹ 75፣ በትልልቆቹ 100 ነው። ለስድስት ሌሊት በጠቅላላው 150 ሩፒ፣ ማለትም 10 ዶላር ገደማ ከፈልሁ። እውነቱን ለመናገር ያነሰ መሰለኝ፤ ባሕሩን የሚያሞቀውን ጭስ እያጨሰ ያመጣኝና የሚመልሰኝ አውሮፕላን ለዚህች አገር ያተረፈላትን ዕዳ አይሸፍንም። አገሪቱ በበኩሏ ከአቅሟ በላይ ሠርታለች፦ በ2016 ከዕዳዋ 21.6 ሚሊዮን ዶላሩን ለባሕር ጥበቃ በሚውል ስምምነት ለውጣ፣ በመጋቢት 2020 ከባሕር ክልሏ 30 በመቶውን በጥበቃ ሥር አድርጋለች። ክፍያው የት እንደዋለ በዳርቻው ላይ በሰሌዳ ቢጻፍ፣ ለምሳሌ ይህ የታካማካ ረድፍ በእንግዶች ገንዘብ ተተከለ ቢባል፣ ብዙ ሰው ከዚህም በላይ በደስታ ይከፍላል ብዬ አምናለሁ። ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ለጣና እንግዶቼ ይህንኑ ላደርግ፣ ከጉብኝቱ በፊትም የየወሩን የውሃ ሁኔታ ሳልደብቅ ልነግር ወስኛለሁ።

በማሄ አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፌ እያለሁ ለእማማ ደወልሁ፤ ሌሊቱን ነፋሱ በርትቶ ስለነበር ልቤ አላረፈም።

«እማማ፣ ማዕበሉ እንዴት አደረ?»

ጥቂት ቆዩ፤ ስልኩን ይዘው ወደ ግቢው ሲወጡ የዶሮና የውሃ ድምፅ ይሰማኛል።

«ከሚስማሩ ሥር አንድ ጣት ወስዷል። ችግኞቹ ግን ቆመዋል፣ አልደረሰባቸውም» አሉኝ።